ለአባ ካሳ ጆሮ የነገርሁት

ልጆቹ ናቸው ካልነገርሽን ብለው ያስጨነቁኝ። የልጄ ልጆች ናቸው፤ ቆቦ ነው የሚማሩት። ባለፈው ክረምት መምህሮቻቸው ችግኝ ትከሉ ብለው ወደ ድሮው መንደራችን ጉብታ ወሰዷቸውና ሲመለሱ እጃቸው ሁሉ ክትክታ ክትክታ ይሸታል። ክትክታ ቅጠሉ እጅ ላይ የሚያጣብቅ ቁጥቋጦ ነው፤ ሲሰብሩት ሽታው ቶሎ አይለቅም። ያ ሽታ ሲመጣብኝ እኔ መቀመጥ አልችልም። ተነሥቼ ደጁን ጠረግሁ። የጠረግሁትን መልሼ ጠረግሁ።

ትልቋ አየችኝና፣ እማማ ምን ሆንሽ አለችኝ። ምንም አልሁ። ትንሽ ቆይታ፣ የጉብታው አንዱ ጎን ወይራው ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ነው፣ ሌላው ጎን ግን ከክትክታ በቀር ምንም የለበትም፣ ለምንድን ነው አለች። መምህሩ የአፈሩ ጠባይ ነው ብሏቸዋል። አፈሩ እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ። እንግዲህ ልንገራችሁ ብዬ ጀመርሁ፤ አንዱን ሳነሣ ሌላው እየወደቀብኝ አልሆነልኝም። ስለዚህ እጽፈዋለሁ። ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም፤ ፊደል የለየሁት ከልጆቼ ደብተር ላይ ነው፤ ወጌ ወዲያ ወዲህ ቢል ታገሡኝ። አያት ነኝ ስል የሚስቅብኝም አለ፣ ጥርሴ ገና ሙሉ ስለሆነ። በእኛ ጊዜ በአሥራ አምስት ዓመት ይድሩን ነበር፤ ልጄም ብዙ አልዘገየችም።

መንደራችን ከቆቦ በስተምሥራቅ፣ ወደ ዞብል ተራራ በሚወስደው በኩል፣ በሁለት የአሸዋ ወንዞች መካከል ነበረች። አንዱን ትልቁ አሸዋ፣ ሌላውን ትንሹ አሸዋ እንላቸዋለን። በበጋ ጠብታ ውሃ የለባቸውም፤ ግመል ይሄድባቸዋል። ክረምት ሲገባ ግን ሁለቱም ሞልተው ይመጣሉ፣ ያኔ የወጣ አይገባም፣ የገባ አይወጣም። የቆቦ ገበያ ሰዎች የደሴት ሰዎች ይሉን ነበር። አንቺ የደሴቷ፣ ዛሬስ በዋና መጣሽ ወይ እያሉ እናቴን ያበሽቋት ነበር።

በደሴታችን መካከል ጉብታው አለ። ወይራ፣ ጽድ፣ አጋም፣ እንኮይ፣ ሥሩ ዐለት የሰነጠቀ ዋርካ፣ ሁሉም ነበረበት። ማንም የተከለው አይደለም፤ አባቶቻችን ሲመጡም እዚያው ነበር አሉ። ከሥሩ አንዲት ምንጭ ትወጣለች፤ ሰውም ከብቱም የሚጠጣው ከእሷ ነው። ጎርፍ ሲወርድ ውሃውን የሚያዘገየው ደኑ ነው ይሉ ነበር ትልልቆቹ። እኔ አላምንም ነበር። ዛፍ ቆሞ እንዴት ውሃ ይይዛል? እጅ እንኳ የለው።

ደርግ በወደቀ ማግሥት ነው ይሄ የምለው፣ አዲሶቹ ገና ሳይደላደሉ። አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባቴ ወደብ ሸክም ሊሠራ አሰብ ወርዷል። አሰብ ከዞብል ተራራ በስተጀርባ ይመስለኝ ነበር፤ ከተራራው ማዶ አቧራ ሲነሣ የመርከብ ጭስ ነው እያልሁ ለታናሽ ወንድሜ አሳየዋለሁ። እሱ ጡት ይጠባ ነበር፤ የእናቴ ወተት ቀንሶ ሦስት ፍየሎቻችን ነበሩ በወተታቸው የያዙት። እናቴ ጦይባ ትባላለች። በዚያ ዓመት ዝናቡ ደግ ስለነበር ሣሩ ከእኔ በላይ ሆነ፤ በየካቲት ደረቀ። ሰው ሁሉ ሣሩን እያየ ደስ ሲለው አንድ ሰው ብቻ ፊቱ ይጨልማል።

ያ ሰው አያ እንድሪስ ናቸው፣ የጉብታው ጠባቂ። መንደሩ የመረጣቸው ናቸው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም። ሚስታቸው ሞታ አንዲቷ ልጃቸው ዋጃ ከተማ አግብታ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አንገታቸው ላይ ጥሩንባ አንጠልጥለው ጉብታው ወገብ ላይ አንድ ድንጋይ አለች፣ እሷ ላይ ቆመው ይውላሉ። ሣር ነጭተው በመዳፋቸው ይጨምቁና ወደ ጆሯቸው ያስጠጉታል። እኔ ሣሩ የሚያዋራቸው ይመስለኝ ነበር። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሲሆን ከአፋር በኩል ነፋስ ይነሣል፤ ያኔ ደጅ እሳት ማንደድ ክልክል ነው። ነፋስ ሲነሣ እሳት ይነቃል ይሉናል። ስለዚህ እሳት ጠዋት ጠዋት የሚተኛ አውሬ ነው ብዬ ነበር የያዝሁት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ድንጋያቸው ላይ ሆነው በየቤቱ ጣሪያ የሚወጣውን ጭስ አንድ በአንድ ያያሉ። ያን ሳይ፣ ማን ምን እንደ ሠራ አሽትተው ሊጋበዙ ነው እላለሁ። እናቴ ሰማችኝና በሳቅ ወደቀች። ወላሂ ይሄን ለሳቸው እነግራቸዋለሁ አለች። ነግራቸውም ኖሮ፣ በማግሥቱ ሲያልፉ፣ “ዘሀራ፣ ዛሬ ቤታችሁ ምን ተሠርቷል፣ ከላይ ሆኜ አልለይ አለኝ” አሉኝ። መግቢያ አጣሁ።

ጉብታውን የሚጠብቀው ነገር ጥርጊያው ነበር። በደኑ ግርጌ ዙሪያውን፣ በሣሩና በዛፎቹ መካከል፣ ሁለት በሬ ጎን ለጎን የሚያስኬድ ባዶ መሬት። ለየቤቱ ድርሻ ተለክቶለታል፤ የእኛ አርባ ክንድ ነው። አባቴ ስለሌለ ድርሻችን የእኔ ሆነ። አርብ አርብ በክትክታ መጥረጊያ ቅጠሉን ሣሩን እስከ አፈሩ ድረስ አጸዳለሁ። ለምን እንደሆነ አያ እንድሪስ አንድ ቀን አሳይተውኛል። እሳት በሣሩ ከመጣ፣ እሳቸው ከጥርጊያው ላይ ሆነው ወደሚመጣው እሳት ሌላ እሳት ይለቃሉ። ሁለቱ ሣሩ መካከል ይገናኛሉ፣ የሚበሉት ያጣሉ፣ ይሞታሉ። በጣታቸው አፈር ላይ ሥለው ነው ያሳዩኝ። እኔ ግን ጣታቸውን ሳይሆን ጥፍራቸውን ነበር የማየው፤ አንዱ ጥፍር እንደ ቀንድ ወፍራም ነበር።

ከጥርጊያው በታች፣ እስከ ትልቁ አሸዋ ድረስ፣ ያለው ሣር የተከለለ ነው። ለበሬና ለቤት ክዳን በጋራ ይታጨዳል፤ እስከዚያ ከብት አይገባበትም። የገባ ፍየል ይታረዳል፣ ሥጋው ለመንደሩ። ይሄን እያወቅሁ ነው የገባሁት። ሣሩ መካከል አንዲት ጎድጓዳ ቦታ ነበረች፤ ርጥበት ስለሚቆይባት ከሥሯ ለምለም ታበቅላለች፣ ዳር ዳሯ ቁርቁራ አለ። እናቴ በአሸዋው ዳር የግራር ፍሬ አብያቸው ብላ ትልከኛለች። እኔ ጎንበስ ብዬ፣ ፍየሎቹን እየገፋሁ፣ ጎድጓዳዋ ውስጥ እገባለሁ። ወተቱ ጨመረ። እናቴ አልሃምዱሊላህ፣ ግራሩ ዘንድሮ ደግ ነው አለች። ከዚያ በኋላ መተው አልቻልሁም።

የዚያን ቀን ጎድጓዳዋ ውስጥ ቁርቁራ እየበላሁ ነበር። የእናቴን ቀይ ነጠላ በራሴ ላይ ጥዬ፣ ፍሬውን አፌ ውስጥ እያገላበጥሁ፣ ፍሬ ፍሬውን ወደ አንዷ ፍየል እተፋለሁ። ነፋሱ ከተነሣ ቆይቷል። ከላይ ሣሩ ይንሾካሾካል፤ ከጎድጓዳዋ ሆኜ ሰማይና የሣር ጫፍ ብቻ ነው የሚታየኝ። ጭስ ሸተተኝ። ቀና ስል፣ በጉብታው በኩል ባለው አፋፍ ላይ አያ እንድሪስ ቆመዋል። በእጃቸው የሚነድ የሣር ችቦ ይዘዋል። አዩኝ። ከዚያ ጎንበስ አሉና ሣሩን ለኮሱት።

በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት። ከአንዱ ጫፍ ሮጠው ወደ ሌላው እየለኮሱ ሄዱ። እሳቱ ነፋሱን ይዞ ወደ ጉብታው ነጎደ፣ ኋላው ጥቁር እየሆነ። ከዚያ ወደ ጎድጓዳዋ ዘለው ወረዱና ፍየሎቼን በድንጋይ ያዟቸው። እየጮሁ ነበር፤ እሳቱ ስለሚያጓራ የሚሉት አይሰማም፣ አፋቸው ሲከፈት ብቻ ነው የማየው። ያዙኝ አልሁ በልቤ፤ ፍየሎቹን በእሳት ሊያስወጡብኝ፣ ሊያርዷቸው ነው። ፍየሎቹ ወደ ጥቁሩ መሬት ሸሹ፣ እኔም ተከተልኋቸው። ዐመዱ ገና ትኩስ ነበር፤ የጫማዬ ላስቲክ ሲቀልጥ ሸተተኝ። አንዱ እግሬ ላይ ቀረ፣ ሌላው ወለቀ። ከኋላዬም ጭስ፣ ከፊቴም ጭስ፣ ሁሉም የሳቸው እሳት ነው ብዬ ሮጥሁ። ዞር ብዬ አላየሁም። ትንሹ አሸዋ ላይ ስደርስ ሦስቱም ፍየሎች ከፊቴ ነበሩ።

መንደሩ ጉብታው ሲጨስ አየ። ጥሩንባ አልተነፋም፤ በኋላ ድንጋያቸው ላይ ተጥሎ ተገኘ። ሰው ሁሉ ክትክታ እየሰበረ ሮጠ። እርጥብ ክትክታ ሳይቃጠል ይመታል፣ ለእሳት እሱ ነው የሚያዘው። ሴቶቹ በጆንያ አሸዋ፣ በጀሪካን ውሃ ያመላልሳሉ። ምንጩ ላይ ግመል ሊያጠጡ የመጡ አፋሮች ሽርጣቸውን ነክረው ከእኛ ሰዎች ጎን ይመቱ ነበር። እናቴ ወንድሜን በጀርባዬ አሰረችብኝና ክትክታ ይዛ ሄደች። እኔ ከምንጩ ዳር ቆሜ አያለሁ። ወይራ ሲነድ ድምፁ እንደ ተኩስ ነው። ሽኮኮዎች ከዐለቱ ወጥተው በሰው እግር መካከል ያልፋሉ፣ ማንም አይነካቸውም። ጅግራዎች ጭሱ ውስጥ ገብተው አልወጡም። ከአያ እንድሪስ ቀፎዎች የተነሡ ንቦች እንደ ደመና ከበላያችን አልፈው ወደ ትልቁ አሸዋ ሄዱ።

ጀንበር ስትጠልቅ ነፋሱ ወደቀ፣ እሳቱም ከጉብታው ጫፍ ላይ ቆመ። በመንደሩ በኩል ያለው ጎን ተረፈ፣ ምንጩም ተረፈ። በምሥራቅ በኩል ያለው ግን፣ ትልቁ ወይራ የነበረበት፣ እስከ ዐለቱ ከሰለ። አያ እንድሪስ ቅንድባቸው ነዶ፣ ክንዳቸው ተልጦ፣ ከሁሉ በኋላ ሲወርዱ አየኋቸው። እናቴ እግሬን አይታ ምን ሆንሽ ስትለኝ፣ ውሃ ሳመላልስ ፍም ረገጥሁ አልሁ። እሬት ቀባችኝ።

በማግሥቱ ወንዶቹ የተቃጠለውን መሬት ተመለከቱ። ሁለት እሳት ነበር አሉ። የመጀመሪያው ከትልቁ አሸዋ ዳር የተነሣ ነው፤ እሱን ያነሣው ሰው ሳይጠየቅ እያለቀሰ መጣ። ቀፎ ሲያጥን ጭራሮው ወድቆበት ነው፤ ቤተሰቡ ሊክስ ቃል ገባ። ነገር ግን ያ እሳት ጥርጊያው ጋ አልደረሰም። ጉብታውን ያቃጠለው ሁለተኛው ነው፤ ከጎድጓዳዋ አፋፍ የተለኮሰ፣ ሰው በእጁ የለኮሰው። ነፋስ ከኋላው ሆኖ ጥርጊያውን ዘለለው። ማነው እሱ? ማንም አላውቅም አለ። አያ እንድሪስ ያን ጊዜ ቁስላቸውን ይዘው ቤታቸው ተኝተው ነበር። ሽማግሌዎቹ አውጫጭኝ ይሁን አሉ።

አውጫጭኝ እንዲህ ነው። ሰው ሁሉ ዋርካው ሥር ይሰበሰባል፣ ነገሩ እስኪወጣ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። ሦስት ሽማግሌ ይመረጣል። ያየ ሰው በአደባባይ አይናገርም፤ ከሦስቱ ለአንዱ ጆሮ ሹክ ይላል። እሱ ወፍ ይባላል። ሽማግሌው ወፍ እንዲህ አለችኝ ይላል እንጂ ወፏን አይገልጥም፤ ምሏል። ሌላውም ሰው ቢሆን፣ ተከሳሹም ቢሆን፣ ወፏ እከሌ ናት ብሎ ጣቱን ከጠቆመ ከአጥፊው ይብስ ያፍራል። እንደዚያ ባይሆን ማን ይናገራል?

እኔ ይሄን አላውቅም። ወፍ ትናገራለች ሲሉ ሰምቼ የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ዋርካው ላይ አንጋጥጬ ዋልሁ። አንዲት ቁራ መጥታ አረፈች። ሁሉን ታያለች፣ እኔንም አይታኛለች። በድንጋይ አባረርኋት፤ አንዱ ሽማግሌ ተቆጡኝ። እናቴ ቤት ስንገባ ነው ወፍ ማለት ሰው እንደሆነ የነገረችኝ። ያኔ ደግሞ ባሰብኝ። እግሬ አንድ ቦታ አይቆይም፤ ወንድሜን አዝዬ ከቤት ቤት እዞራለሁ፣ ሰው ስለምን እንደሚያወራ በየአጥሩ አዳምጣለሁ። ያቀረቡልኝ ምግብ ይቀራል። ፍየሎቹን ሳያቸው አንገታቸውን ነው የማየው።

በሁለተኛው ቀን ለተሰበሰበው ሰው ውሃ እንድናመላልስ ሴቶቹ እኛን ልጆች ላኩን። ቅሌን ይዤ ስዞር አንድ ሰው ሲናገር ሰማሁ። ጎድጓዳዋ ውስጥ የፍየል በጠጥ አየሁ፣ እረኛ ልጅ የሚበላ ነገር ሊጠብስ ብሎ ለኩሶት እንዳይሆን፣ ነገ ልጆቹን አንድ በአንድ እንጠይቅ አለ። ሰው ሁሉ ልክ ነው አለ። ወደ እኔ ሳይደርሱ ነገሩ መውጣት ነበረበት።

ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ አባ ካሳ ናቸው፤ ደግ ሰው፣ ጆሯቸው ግን ከባድ። እንዴት ለሹክሹክታ እንደ መረጧቸው አላውቅም። ለብቻቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበርና ውሃ ልሰጣቸው ቀረብሁ። ጎንበስ ብዬ ወደ ጆሯቸው፣ እኔ ወፍ ነኝ አልሁ። ምን አልሽ አሉ። ደገምሁት። በሦስተኛው ነው የገባቸው፤ ዓይናቸው ፈጠጠ። ዙሪያቸውን አዩና ቅሉን አፋቸው ላይ እንደ ደገኑ፣ በይ ንገሪኝ አሉ።

“አያ እንድሪስ ናቸው” አልሁ። “በችቦ ሲለኩሱ አይቻለሁ።”

“የት ሆነሽ ነው ያየሽው?”

ይሄ ጥያቄ ይመጣል አላልሁም። “አውድማችን ላይ ሆኜ” አልሁ።

አባ ካሳ ውሃውን እስከ ታች ጠጡት። ቅሉን መለሱልኝ። ልጄ፣ በይ ሂጂ፣ ይሄን ለእናትሽም አትንገሪ አሉኝ። አውድማ ያልሁት ሐሰት ቅሉ ውስጥ የገባ መስሎኝ ሦስት ቀን ቅል አልነካሁም።

በሦስተኛው ቀን አያ እንድሪስ ተጠርተው መጡ። ክንዳቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል። መሐል አቆሟቸው። አባ ካሳ ተነሥተው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ አድርገው፣ አንድ ወፍ እንዲህ አለችኝ አሉ። ከጎድጓዳዋ አፋፍ በችቦ የለኮሰው እንድሪስ ነው አለችኝ።

አያ እንድሪስ ቀና ብለው ሰዉን ከዳር እስከ ዳር አዩት። እናቴ ጎን ተቀምጬ፣ ነጠላዋ ሥር ገብቼ ነበር። ዓይናቸው እኔ ላይ መጣ፣ ቆየ፣ ወደ እግሬ ወረደ፤ እሬት የተቀባው እግሬ ከነጠላው ወጥቶ ነበር። ሳብሁት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሽማግሌዎቹ መለሱ።

“እውነቷን ነው” አሉ። “እኔ ነኝ የለኮስሁት።”

ጉምጉምታ ተነሣ። ሌላው ሽማግሌ፣ እንድሪስ፣ አንተ የምትለኩሰው ከጥርጊያው ላይ ነው፣ ይሄን ያስተማርኸን አንተ ነህ፣ የመጀመሪያው እሳት ገና ሩቅ ሳለ ከጥርጊያው ብትለቅበት ኖሮ ዛሬ ወይራው በቆመ፣ ጥሩንባህንም ጥለህ ወደ ጎድጓዳዋ ምን ወሰደህ አሉ።

“የመሰለኝን አደረግሁ።”

“ምን መሰለህ? ንገረን እንጂ።”

“ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም” አሉ አያ እንድሪስ። “ጉብታው በእኔ እጅ ነበር። በእኔ እጅ ተቃጠለ። የፈረዳችሁትን ፍረዱ።”

አባ ካሳ ተቀምጠው ነበር፤ ተነሡ፤ ደግሞ ተቀመጡ። ለምነዋቸዋል፤ አንድ ቃል ስጠን፣ የምንይዘው ነገር ስጠን ብለዋቸዋል። አያ እንድሪስ ግን ቁስላቸው የተጠቀለለበትን ጨርቅ ያስተካክሉ ነበር። በመጨረሻ ጥሩንባው ተወሰደባቸው። ለሌላ ሰው ተሰጠ። ከብትና ገንዘብ አልተፈረደባቸውም፤ ቀፏቸውም ነዶ አልቋል። ጉብታው ላይ ግን እግራቸው እንዳይደርስ ተባለ። ሳያለቅሱ ያለቀሱ ይመስሉ ነበር ሲሄዱ። እናቴ ይሄ ሰው ምን ነካው እያለች እስከ ቤት አጉረመረመች። እኔ ግን የምጠብቀው ሌላ ነበር። አይተውኛል። የጦይባ ልጅ ፍየሎቿን የተከለለ ሣር ውስጥ ይዛ ገብታ ነበር ብለው የሚናገሩበትን ቀን ነበር የምጠብቀው። ሰው በራችን ሲመጣ ሁሉ እደበቅ ነበር።

አልተናገሩም። መጋቢት አለፈ፣ ሚያዝያ አለፈ። እኔ ግን ዕረፍት አጣሁ። አርብ አርብ የእኛን አርባ ክንድ ጠርጌ ስጨርስ የጎረቤቱን እጠርግ ነበር፣ የሚቃጠል ነገር በሌለበት በኩል። አዲሱ ጠባቂ ወጣት ነበር፤ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ ይተኛል። ሣሩን ወደ ጆሮው አያስጠጋም። አያ እንድሪስ ከደጃቸው ቆመው ጉብታውን ሲመለከቱ አያቸዋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ይቆማሉ፣ እስኪወድቅ አይገቡም። ሲያዩኝ ጎንበስ ብዬ እሮጣለሁ።

ግንቦት ላይ ዕቃቸውን በአንድ አህያ ጭነው ዋጃ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ በደጃችን አለፉ። እናቴ ወጥታ፣ አያ እንድሪስ፣ አንቱ ከሄዱ ይሄን ደሴት ማን ያየዋል አለቻቸው። አላህ ያየዋል ጦይባ አሉ። እኔ ከበሩ ኋላ ነበርሁ። ጎንበስ ብለው በስንጥቁ አዩኝ።

“ፍየሎችሽ ደህና ናቸው?” አሉኝ።

ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ።

“እግርሽስ ዳነ?”

እግሬን ከቀሚሴ ሥር ደበቅሁ። ማስፈራሪያ ነበር የመሰለኝ፤ አውቅብሻለሁ ማለታቸው። እናቴ፣ ልጄ ዓይናፋር ሆነች እንጂ ድናለች አለች። አብሽሪ ብለው አህያዋን መቱ። አሸዋውን ሲሻገሩ በስንጥቁ እያየሁ ነበር፤ ሲጠፉ ነው የተነፈስሁት።

በዚያ ክረምት ጎርፉ ከወትሮው በሌላ መንገድ መጣ። ድሮ ከሁለቱ አሸዋዎች ነበር የምንፈራው። አሁን ከጉብታው፣ ከተቃጠለው ጎን፣ ጥቁር ውሃ ከሰል እያንከባለለ ጉብታውን ዞሮ ወርዶ መንደሩን ለሁለት ሰነጠቀው። አውድማችንን ወሰደ። የሁለት ሰው ቤት ወሰደ፣ ሰዉ ግን ተርፏል። ምንጩ ደለል ሞልቶት እስከ መስከረም ድረስ በእጃችን ስናወጣ ነበር። ዛፍ እጅ እንዳለው የገባኝ ያኔ ነው። በየዓመቱ አንድ ሁለት ቤት ወደ ቆቦ እየወጣ፣ እኛም አባቴ ሲመለስ ወጣን። ለእኔ ያ ሁሉ የመጣው አያ እንድሪስ በፍየሎቼ ተናደው ሣር ስለለኮሱ ነው። እኔ ሣሩ ውስጥ ባልገባ አይለኩሱም ነበር እላለሁ፤ ደግሞ ሣሩንስ እኔ ለኮስሁ እላለሁ። ይሄን ይዤ አደግሁ፣ ተዳርሁ፣ ወለድሁ።

ልጄን ከዳርሁ በኋላ ነው። ዋጃ ገበያ ሽንኩርት ይዤ ወርጄ ነበር። ከአጠገቤ በርበሬ የምትሸጥ ሴት ነበረች፣ በዕድሜ ታላቄ፣ ከድጃ ትባላለች። ገበያው ቀዝቅዞ ስለነበር ወግ ጀመርን። አገርሽ የት ነው አለችኝ፤ ቆቦ ነው አልሁ። አባቴ እኮ ከቆቦ ማዶ ከደሴቱ መንደር ነበሩ፣ እንድሪስ ይባሉ ነበር፣ አፈር ይቅለላቸውና እዚህ ነው ያረፉት አለች። ሽንኩርቱን መደርደር ጀመርሁ። የተደረደረውን።

እሷ ጨዋታ ይዟት ቀጠለች። አባቴ ያን ጉብታ እንደ ልጅ ነበር የሚወዱት፣ በእሳት ሰበብ ነው የለቀቁት አለች። እሳቱ ከአሸዋው ሲመጣ ከድንጋያቸው ሆነው ያያሉ። ከጥርጊያው ሊለቁበት ችቦውን ሲያነዱ፣ ሣሩ መሐል፣ ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ፣ ቀይ ነጠላ ያያሉ። ሕፃን ናት። ከጥርጊያው ቢለኩሱ ሁለቱ እሳት የሚገናኙት እሷ ላይ ነው። ዝም ቢሉ የሚመጣው ይደርስባታል። ጥሩንባውን ጥለው ወርደው፣ ከአጠገቧ ለኩሰው፣ የምትቆምበት ጥቁር መሬት አወጡላት። ያ የለኮሱት ወደ ወይራው እንደሚሄድ እያወቁ ነው።

“ታዲያ ለምን አልተናገሩም?” አልኋት።

“እኔም ይሄንኑ ስጠይቃቸው ኖሬአለሁ። አውጫጭኝ ነበር አሉኝ፣ ከልጅቱ በቀር ያየኝ የለም፣ ወፏ እሷው ናት። ልጅ ለማዳን ነው ብል፣ የቷ ልጅ ይባላል፣ ወፏ ያን ጊዜውኑ ትታወቃለች። ያችን የምታህል ልጅ በዚያ መንደር ወፍ ነበረች ተብላ እንዴት ታድጋለች አሉኝ።”

ሰው መጣ፣ በርበሬ ሸጠች። ስትመለስ እጄ ሽንኩርቱ ላይ እንዳለ ነበር።

“ልጅቱ ማን ነበረች?” አልኋት።

“እሱንማ እስኪሞቱ ለምኛቸዋለሁ” አለች ከድጃ። “ወላሂ፣ ለእኔ ለልጃቸው እንኳ ስሟን አልነገሩኝም።”